ሩቅ መድረክ፣ ቅርብ ታዳሚ፦ የሙዚቃ ዝግጅትን በሲኒማ ቤት መከታተል



በዛሬው ገለጻዬ ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ አነሣለሁ። አንድ ሰው የሚወደው የሙዚቃ ቡድን በሩቅ አገር ሲጫወት፣ ትኬት ቆርጦ በሚኖርበት ከተማ ሲኒማ ቤት ቢመለከተው፣ ዝግጅቱን ታድሟል እንላለን ወይስ ፊልም አይቷል?

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። በመድረኩ ዙሪያ የተተከሉ ካሜራዎች የሚያነሡትን ምስል ዳይሬክተሩ በቅጽበት እየመረጠ ያቀናብራል። የተቀናበረው ምስልና ድምፅ በሳተላይት ወይም በኢንተርኔት መስመር ለሲኒማ ቤቶች ይሠራጫል፤ በዚያም በዲጂታል ፕሮጀክተር ሸራው ላይ ያርፋል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2006 የሞዛርትን «ምትሃተኛው ዋሽንት» በዚህ መንገድ ካሠራጨ ወዲህ፣ ልማዱ ከኦፔራ አልፎ ወደ ቴአትርና ወደ ዘመናዊ ሙዚቃ በስፋት ተዛምቷል።

ለጥያቄያችን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን የደቡብ ኮሪያው ቢቲኤስ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. ከ2019 መገባደጃ በኋላ በወረርሽኙ ምክንያት በአገሩ ሕዝብ ፊት በአካል መጫወት ሳይችል ቆይቶ፣ በማርች 2022 በሴኡል የኦሊምፒክ ስታዲየም ሦስት ዝግጅቶችን አቀረበ። የማርች 12ቱ (መጋቢት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.) ዝግጅት በ75 አገሮችና ግዛቶች በሚገኙ ከ3,700 በላይ ሲኒማ ቤቶች የታየ ሲሆን፣ ወደ 32.6 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ገቢ አስገኝቷል።

ከገቢው ይልቅ ትኩረታችንን ሊስብ የሚገባው የታዳሚው ሁኔታ ነው። ወደ ስታዲየሙ በቀን እንዲገቡ የተፈቀደላቸው 15,000 ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነርሱም በጤና ጥበቃ ደንቡ መሠረት መጮኽም ሆነ አብሮ መዝፈን ተከልክለው፣ ደስታቸውን የገለጡት በእጃቸው በያዙት የወረቀት ማጨብጨቢያ ነበር። በአንጻሩ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተሰበሰቡት ደጋፊዎች የብርሃን ዘንጋቸውን እያወዛወዙ አብረው ዘፈኑ፤ ጮኹም። መድረኩ አጠገብ የነበረው ዝም ሲል፣ ባሕር ማዶ ያለው አዜመ። በዚያ ላይ በሰዓት ልዩነት ምክንያት ሥርጭቱ በአሜሪካ የታየው ዘግይቶ ነው። ዘፋኞቹ መድረኩን ከለቀቁ ሰዓታት አልፈው ነበር።

ይህ ክሥተት በዘርፋችን የታወቁ ሁለት አስተያየቶችን እንድንፈትሽ ያስገድደናል። ጀርመናዊው ዋልተር ቤንያሚን እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እጅግ የተዋጣ ቅጂ እንኳ የኪነ ጥበብ ሥራው በአንድ ስፍራና በአንድ ጊዜ የመገኘቱን ነገር እንደሚያጎድል አስረድቷል። አሜሪካዊው ፊሊፕ አውስላንደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999፣ «የቀጥታ» የምንለው ጽንሰ ሐሳብ ራሱ የተወለደው የመቅረጫ መሣሪያ ከመጣ በኋላ መሆኑን አሳስቧል። የማይቀረጽ ዝግጅት ብቻ በነበረበት ዘመን «የቀጥታ» ብሎ መለየት አያስፈልግም ነበርና።

እንግዲህ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የነበሩት ደጋፊዎች ስፍራውንም ጊዜውንም አልተጋሩም። ታዲያ ምን ነበራቸው? በእኔ አስተያየት ሁለት ነገሮች ነበሯቸው፤ ቀጠሮና አብሮነት። ዝግጅቱ እንደ መደበኛ ፊልም ለሳምንታት የሚቆይ ስላልነበረ፣ በተወሰነው ሰዓት መገኘት ግድ ነበር። የተገኘውም ሰው ከጎኑ የተቀመጠው እንግዳ ያንኑ ዜማ በቃሉ እንደሚያውቅ ተረዳ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በከተሞቻችን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በሚታይባቸው ቤቶች ተሰብስቦ የሚጮኸው ወጣት፣ ተጫዋቹ እንደማይሰማው አጥቶት አይደለም። የሚጮኸው አጠገቡ ላለው ሰው ነው።

ሆኖም የሚጎድለውን ነገር መሸፈን አይገባም። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። በዚህ ልማድ ታዳሚው የሥራው ተባባሪ ደራሲ ነው፤ እርሱ ባይኖር የዚያ ምሽት ዘፈን ሌላ ይሆን ነበር። በሲኒማ ቤት ግን የታዳሚው ድምፅ ከአዳራሹ አይወጣም። አዳራሹ ባዶ ቢሆን እንኳ ዘፋኙ ያንኑ ይዘፍናል። የት መመልከት እንዳለብን የሚወስነውም ዓይናችን ሳይሆን የዳይሬክተሩ ምርጫ ነው።

ስለዚህ ለመነሻው ጥያቄ የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። በሲኒማ ቤት የተገኘው ሰው ታድሟል፤ የታደመው ግን የመድረኩን ሳይሆን የአድማጮቹን ጉባኤ ነው። የጉዞ ወጪና ቪዛ ለሚያግደው ሰው ይህ ትንሽ ስጦታ አይደለም፤ ብቻውን በስልኩ ከመመልከትም እጅግ ይለያል። ነገር ግን ሙዚቀኛን የሚያሳድገው የታዳሚው ምላሽ ነው። የሩቁን መድረክ ለማየት ትኬት የምንቆርጥ ሁሉ፣ ድምፃችንን ሰምቶ ሊመልስልን የሚችለውን የቅርቡን መድረክ ባዶ እንዳናስቀር ልናስብበት ይገባል። ሸራው አብሮን ከሚጮኸው ጎረቤት ጋር ያገናኘናል፤ «ተቀበል!» ስንለው የሚቀበለን ግን በፊታችን የቆመው ዘፋኝ ብቻ ነው።