ተጨማሪ መረጃ፦ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥማችሁ

እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው «ካዱ» የተባለው የግብርና ልማት ፕሮጀክት ለአርሲ ገበሬዎች ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በማዳረስ ይታወቅ ነበር። ሙሉ የእንግሊዝኛ ስሙ «ጭላሎ አግሪካልቸራል ዴቨሎፕመንት ዩኒት» ነበር። በዚህ ስም ውስጥ እንዳሉት ያሉ ረጃጅም ቃላትን በሁለት መንገድ ከፋፍላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

በክፍለ ቃል፦ ክፍለ ቃል አንድ አናባቢ ድምፅ የያዘ የቃል ቁራጭ ነው። «አግሪካልቸራል» አምስት ክፍለ ቃላት አሉት፦ አግ-ሪ-ካል-ቸ-ራል። መዳፋችሁን ከአገጫችሁ ሥር አድርጉና ቃሉን ቀስ ብላችሁ ጥሩት፤ አገጫችሁ ብዙውን ጊዜ በየክፍለ ቃሉ ዝቅ ይላል።

በምዕላድ፦ ምዕላድ ትርጉም ያለው ትንሹ የቃል ክፍል ነው። «አግሪ» ማሳ፣ «ካልቸር» ማልማት የሚል ትርጉም ካላቸው የላቲን ቃላት የመጡ ናቸው። መጨረሻ ላይ ያለው «-አል» ደግሞ ስሙን ቅጽል ያደርገዋል።

ሁለቱ አከፋፈሎች ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። «ዴቨሎፕመንት» አራት ክፍለ ቃላት አሉት (ዴ-ቨ-ሎፕ-መንት)፤ ምዕላዶቹ ግን ሁለት ናቸው፦ «ዴቨሎፕ» የሚለው ግስና ግሱን ወደ ስም የሚለውጠው «-መንት»። ክፍለ ቃል ለንባብና ለፊደል አጻጻፍ፣ ምዕላድ ትርጉም ለመገመት ይረዳችኋል።

ሞክሩት፦ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ በቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም በሰፈራችሁ ከተሰቀሉ የእንግሊዝኛ ሰሌዳዎች ሦስት ረጃጅም ቃላት መርጣችሁ ጻፉ። በሁለቱም መንገድ ከፋፍሏቸውና መልሳችሁን ከጓደኛችሁ ጋር አመሳክሩ።