የዕለት ልማድ ለጤና ያለው ጥቅም

ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ከአባቶቻችን የወረስነው ሰላምታ ነው። ገንዘብ ይስጥልኝ ወይም ሹመት ይስጥልኝ አላሉም፤ ከሁሉ አስቀድመው ጤናን መረጡ። ምርጫቸውም ትክክል ነው፤ ጤና ከጎደለ ሀብትም ሆነ ዕውቀት ባለቤቱን በሚገባ አይጠቅመውምና። ዳሩ ግን ጤና ስጦታ መሆኑን እያስታወስን፣ ስጦታውን መጠበቅ የተቀባዩ ፋንታ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጤና የሚጠበቀው በአንድ ቀን ታላቅ ውሳኔ ሳይሆን፣ በየዕለቱ በታወቀ ሰዓትና በታወቀ ቦታ በሚደረግ ትንሽ ልማድ መሆኑን ነው።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ስለ ጤና ሲነሣ በብዛት የሚነገረው ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ተቅማጥ ነበር። እነዚህ በሽታዎች ዛሬም አልጠፉም፤ ስለዚህ እጅን በሳሙና መታጠብና ንጹሕ ውሃ መጠጣት አሁንም የጤና መጀመሪያ ናቸው። አሁን ግን በእነርሱ ላይ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የልብ በሽታ ተጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆኑ ሰዎችን በመላ አገሪቱ መርምሮ ነበር። ከተመረመሩት ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከመቶው 98 ያህሉ ደግሞ በቀን ሊመገቡት የሚገባውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ አይመገቡም ነበር። አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ሲገኝ፣ የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው።

እነዚህ በሽታዎች እንደ ወባ በድንገት አያንቀጠቅጡም። ድምፅ ሳያሰሙ ለብዙ ዓመታት ከቆዩ በኋላ በጎልማሳነት ይገለጣሉ፤ ሥራቸውን የሚሰዱት ግን ብዙውን ጊዜ በወጣትነት ዘመን ነው። ስለዚህ ነገሩ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእኛም የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ እንመልከት። የላምበረትን መናኸሪያ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሾፌሩንና የረዳቱን ሥራ ልዩነት ያስተውላል። ሾፌሩ መሪውን ይዞ ረጅሙን መንገድ ተቀምጦ ይጓዛል፤ ረዳቱ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ መንገደኛ ይጠራል። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ ይውላሉ፤ የሰውነታቸው አዋዋል ግን አንድ አይደለም። ይህን የመሰለ ልዩነት ጄሪ ሞሪስ የተባለ የብሪታንያ ሐኪም በለንደን ከተማ በጥንቃቄ አጥንቶታል። የለንደን አውቶቡሶች ባለ ሁለት ፎቅ ስለ ነበሩ፣ ትኬት ቆራጩ በሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 የሚደርስ ደረጃ ይወጣ ነበር፤ ሾፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውል ነበር። ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 ውጤቱን ሲያሳትም፣ የልብ በሽታ በትኬት ቆራጮቹ ላይ ከሾፌሮቹ እጅግ ባነሰ መጠን መታየቱን ገለጸ።

«ምናልባት ሾፌር የሚሆኑት ሰዎች ቀድሞውንም ወፍራሞች ቢሆኑስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሞሪስ ራሱ ይህን ጥያቄ አንሥቶ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ እስከ መመርመር ደርሷል፤ ሾፌሮቹም ገና ሲቀጠሩ ሱሪያቸው ሰፋ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ነገር ግን በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉትን የፖስታ ሠራተኞች ተቀምጠው ከሚሠሩት የፖስታ ቤት ጸሐፊዎች ጋር ባነጻጸረ ጊዜም ያው ልዩነት ታየ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች እንቅስቃሴ ልብን እንደሚጠብቅ አረጋግጠዋል።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባን ቁም ነገር አለ። ትኬት ቆራጩ ደረጃ ይወጣ የነበረው ለጤናው ብሎ አይደለም፤ የስፖርት ልብስ አልለበሰም፣ ገንዘብም አልከፈለም። እንቅስቃሴው በዕለት ሥራው ውስጥ ስለ ነበረ «ዛሬ ልሥራ ወይስ ልተው?» ብሎ አያመነታም ነበር። የእኛም ጥበብ ይህ ሊሆን ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን ከወትሮው ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ የሚያስፈራ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሲከፋፈል ግን ቀላል ነው። ከመገናኛ ወይም ከኮተቤ በኩል በታክሲ ወደ ላምበረት የሚመጣ ተማሪ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ቢወርድና ሲመለስም እንዲሁ ቢያደርግ፣ ፈጠን ብሎ ከተራመደ ከ60ው ደቂቃ ከፊሉን አገኘ ማለት ነው። የቀረውን በዕረፍት ሰዓት በኳስ፣ በገመድ ዝላይ ወይም በቤት ሥራ ይሞላዋል። የመኪና ጭስ የበዛበትን ዋና መንገድ ትቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ቢሄድ ደግሞ ለሳንባው ይበጀዋል።

ሁለተኛው ነገር ምግብ ነው። በዚህ ረገድ የሌላ አገር ገበታ መመኘት አያስፈልገንም። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቆሎና በሶ ለሰውነት ግንባታ የሚጠቅም ነገር ያላቸው የአገራችን ምግቦች ናቸው። የሚጎድለን ብዙውን ጊዜ አመጋገቡ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በምስርና በጎመን ያለው ብረት ደም ለመሥራት ያስፈልጋል፤ ይልቁንም ለልጃገረዶች በጣም አስፈላጊ ነው። ይህ ብረት ከሎሚ ወይም ከቲማቲም ጋር ሲበሉት በሚገባ ወደ ሰውነት ይገባል። በአንጻሩ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ሲጠጡ መግባቱን ይቀንሱታል። ስለዚህ ቡናችንን ማስቀረት ሳያስፈልግ፣ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ብቻ ይበቃል። ለስላሳ መጠጥንም እንመልከት። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል፤ ይህም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በምግቡና በመጠጡ ላይ የሚጨመረውን ስኳር በቀን እስከ 25 ግራም ቢቀንሰው የተሻለ እንደሚሆን ይመክራል። እንግዲህ አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን ከዚህ ታልፋለች። በዕረፍት ሰዓት ለስላሳውን በውሃ፣ ጣፋጩን ብስኩት በቆሎ የሚለውጥ ተማሪ ጤናውንም ኪሱንም ይጠብቃል።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። ዕድሜው ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይናገራሉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሣ ተማሪ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ቢተኛ 8 ሰዓት ተኩል ያገኛል። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስልክ ሲነካካ ከቆየ ግን የሚተርፈው 6 ሰዓት ብቻ ነው። አንዳንዶቻችን ፈተና ሲደርስ እንቅልፍን እንደ ጠላት እንቆጥራለን፤ ነገር ግን በቀን የተማርነውን አእምሮ የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ያልተኛ ተማሪ የዘራውን ሳያጭድ የቀረ ገበሬን ይመስላል።

እስከዚህ የተነገረው ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ ማወቁ ላይ ሳይሆን መጽናቱ ላይ ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ «ዘንድሮ በማለዳ እነሣለሁ፣ ስፖርት እሠራለሁ» የምንል ብዙዎች ነን፤ መስቀል ሳያልፍ ግን ውሳኔው ይረሳል። ውሳኔው የሚሞተው እኛ ሰነፎች ስለ ሆንን ብቻ አይደለም፤ ሰዓትም ቦታም ስላልተሰጠው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ይህንኑ የሚመለከት ጥናት አውጥተዋል። ለ96 ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነገር መርጠው፣ በየቀኑ ከታወቀ ጊዜ ጋር አያይዘው፣ ለ12 ሳምንት እንዲያደርጉት ተነገራቸው። ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣትን የመሰለ ነገር ነው። ነገሩ ሳይታሰብበት በራሱ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ለአንዳንዱ ሰው 18 ቀን ሲበቃው፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገመተ። ከዚህም ሌላ እጅግ የሚያጽናና ነገር ተገኘ፤ አንድ ቀን መዝለል የተጀመረውን ልማድ አላፈረሰውም።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማሉ፤ የእስልምና ተከታዮችም ረመዳንን 29 ወይም 30 ቀን ይጾማሉ። ጾም የአምላክ ትእዛዝ እንጂ የጤና ዘዴ አይደለም፤ ሆኖም ስለ ልማድ የሚያስተምረን ነገር አለ። ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይይዘዋል፣ ገበታው አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ከዚህም የተነሣ ትንሽ ልጅ እንኳ ሊጾም ይችላል። 66 ቀን ከዐቢይ ጾም የሚበልጠው በ11 ቀን ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ያደገ ሕዝብ አንድ የጤና ልማድ ለማጽናት ዐቅም የለውም ሊባል አይችልም።

ዘዴውም ይህ ነው። አዲሱን ልማድ ቀድሞ ካለው ልማድ ጋር እናያይዘው። «ጥርሴን ማታ እቦርሻለሁ» ከማለት ይልቅ «ራቴን በልቼ ሳህኔን ሳነሣ ጥርሴን እቦርሻለሁ» እንበል። «ስልክ እቀንሳለሁ» ከማለት ይልቅ «3 ሰዓት ሲሆን ስልኬን ከመኝታዬ ርቆ በሚገኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ» እንበል። ክፉ ልማድም የሚገባው በዚሁ በር መሆኑን አንርሳ። ሲጋራ፣ ጫትና መጠጥ ብዙውን ጊዜ የሚጀመሩት በታወቀ ቦታ፣ በታወቀ ሰዓትና ከታወቀ ጓደኛ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ሲጋራና አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ ቢሆንም ቦታውንና ሰዓቱን ለመለወጥ ከራሳችን በቀር ማንም አይችልም።

ከልማድ ጋር የመንፈስ ጽናት ያስፈልጋል። ለዚህ ከሻምበል አበበ ቢቂላ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ፤ በ1964 በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ድል አደረገ። በ1969 ግን በመኪና አደጋ የእግሮቹን ኀይል አጣ። ሯጭ እግሩን ሲያጣ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስላል፤ አበበ ግን በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ጤናማ አስተሳሰብ ማለት ይህ ነው፤ የጠፋውን እየቆጠሩ ከመቀመጥ በቀረው መሥራት። በሕመም ወይም በድካም ምክንያት ሳምንት ሙሉ ልማዳችን ቢቋረጥ፣ በሚቀጥለው ቀን እንደገና መጀመር እንጂ ራስን መውቀስ አይጠቅምም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። በሽታ ሁሉ ከልማድ ጉድለት አይመጣም፤ ስለዚህ የታመመን ሰው «ራስህ ያመጣኸው ነው» ማለት ጭካኔ ነው። ጥሩ ልማድም የሐኪምን ቦታ አይተካም። ሕመም የተሰማው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ልቡ የከበደውና ሐዘን ወይም ጭንቀት ለብዙ ቀን ያልለቀቀው ተማሪም ለወላጁ፣ ለመምህሩ ወይም ለሐኪም መንገር እንጂ ዝም ብሎ መሸከም የለበትም።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ የልማድ ትልቁ ረዳት አብሮ የሚያደርግ ሰው ነው። በቤት ውስጥ ጨው የሚቀነሰው በእናት ወይም በአባት እጅ ነው፤ ወላጅ ስልኩን ሳያስቀምጥ ልጁ እንዲያስቀምጥ መጠበቅም አስቸጋሪ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜም ፈተና ሲቀርብ ለሌላ ትምህርት ባይሰጥ፣ ትምህርቱ ራሱ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

እናንተም ጓደኞቼ፣ በዚህ ጽሑፍ የተነገረውን ሁሉ ነገ እንጀምር ብትሉ በሦስተኛው ቀን ትታክታላችሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፣ ከሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ። ከየትኛው የዕለት ሥራችሁ በኋላ እንደምታደርጉት ወስኑ፤ ወስናችሁም በደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት። ከጎኑም 66 ትንንሽ መስመሮች አስምሩና ባደረጋችሁበት ቀን ሁሉ አንዱን ሰርዙ። የመጨረሻው መስመር ሲሰረዝ ሁለተኛውን ልማድ ለመጀመር ጊዜው ደርሷል።