ከመተማ እስከ ቋራ፦ የእርሻ መሬትና የቤት ኪራይ ክርክሮች

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ሰሊጥና ጥጥ የሚያለማ ባለሀብት የመሬቱ ባለቤት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ባለሀብቱ ያለው ከክልሉ መንግሥት ወይም ከአርሶ አደር የተከራየው የመጠቀም መብት ነው፤ የገነባው መጋዘን ግን የራሱ ነው።

ብዙ ጣጣ የሚያመጣው በኪራይ ስም የሚደረግ ሽያጭ ነው። ሁለቱም ወገኖች ክልክል መሆኑን ስለሚያውቁ ወረቀቱ ላይ «ኪራይ» ይላሉ፤ የሚቆጠረው ብር ግን የመሬቱ ዋጋ ነው። ሰሊጥ ሲወደድ፣ ወይም ባለይዞታው ሞቶ ልጆቹ ሲደርሱ፣ ውል ይፍረስልን የሚል ክስ ይመጣል። ውሉ ከፈረሰ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሱ ይላል፤ ከዓመታት በኋላ የሚመለሰው ብር ግን ያን ጊዜ የገዛውን ዛሬ አይገዛም። እንዲህ ያለ ውል እያወቀ የሚያዋውል ደላላና የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ከተዋዋዮቹ ባልተናነሰ ሊጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ።

ሌላው የወሰን መግፋት ነው። ሁከት ይወገድልኝ ባዩ በቁጥር 1149 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። እዚህ ላይ ዳኞች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ሰሊጥ ጊዜው ደርሶ ካልታጨደ ቆቡ ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል፤ በመስከረምና በጥቅምት በማሳ ላይ የተሰጠ እግድ፣ ቀጠሮው ኅዳር ከሆነ፣ ለረታውም ለተረታውም ባዶ አገዳ ያስረክባል። ሰብሉ በገለልተኛ ሰው እጅ ታጭዶ ተሽጦ፣ ገንዘቡ ፍርድ እስኪሰጥ በዝግ ሒሳብ ቢቀመጥ ማንም አይጎዳም።

በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ የቤት አከራዮች ጉዳይ ቀለል ይላል። አዋጅ 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። በቃል ያከራየ ሰው ተከራዩ አልወጣም ሲለው የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ኢትዮጵያና ሱዳን ከሚወዛገቡበት የድንበር መሬት፣ ከአልፋሽጋ፣ የተፈናቀለው ባለሀብት ግን የትም አቤት ማለት አይችልም። ሱዳን የምኒልክንና የእንግሊዝን የ1894 ውል ተከትሎ የተሰመረውን ወሰን ትጠቅሳለች፤ ኢትዮጵያውያን ደግሞ መሬቱን ለአሥርት ዓመታት አርሰውታል። ከኅዳር 2013 ጀምሮ የሱዳን ጦር ሲይዘው አራሾቹ ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። መሬቴ ይመለስልኝ ብሎ የሚከስበት የወረዳም የክልልም ችሎት የለም። ችሎት የሚቆመው አበዳሪው ሲከሰው ነው። ያኔ ጦርነትን ከአቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች የሚቆጥረውን ቁጥር 1793 ሊጠቅስ ይችላል፤ ማስረጃው ግን ከሰብሉ ጋር ወንዝ ማዶ ቀርቷል። ምስክሮቹ ሳይበተኑ የየወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ባለሀብቱ ይዞት የነበረውን የማሳ ስፋትና ያጣውን ንብረት መዝግቦ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ዛሬውኑ ሊሰጠው ይገባል።