ኳስ የሚቋረጠው በእግር ፍጥነት ነው ወይስ በዓይን?

ዛሬ ከላቦራቶሪ ወጣ ብለን ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ እንሄዳለን። የት ያለ ሜዳ ካላችሁ፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ጉንደ ወይን ከተማ ውስጥ ያለ ሜዳ እንበል። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በእጅ በሚደረግ የቅብብል ጨዋታ ከተቃራኒ ቡድን የተወረወረን ኳስ መሃል ላይ አቋርጦ መያዝ ለተማሪዎች እንዴት ይሰጣል? ብዙ ሰው "ፈጣን ልጅ ካለ ያቋርጣል፣ ከሌለ ምን ይደረጋል" ይላል። እኔ የምህንድስና ሰው ስለሆንኩ ካልኩሌተር አውጥቼ ላረጋግጥ አልኩ። መልሱ ለፈጣኖቹ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ልጅ ተስፋ የሚሰጥ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን አስፈለገ?

አንድ የስፖርት ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። ክፍሉ ውስጥ 50 ተማሪ አለ፤ ኳሱ አንድ ነው። ጊዜውን እኩል ብናካፍል እንኳ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ብቻ ነው! በተግባር ግን እኩል አይካፈልም። ኳሱ ጉልበት ካላቸውና ከለመዱት ልጆች እጅ አይወጣም፤ የቀሩት፣ በተለይ ብዙ ሴት ልጆች፣ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመው ደወል ይጠብቃሉ።

መከላከል ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አንድ ሰው ኳስ ሲይዝ ሌላው ሁሉ ያለ ኳስ ነው የሚጫወተው። ስለዚህ መከላከልን በደንብ ማስተማር ማለት ኳስ የማይደርሰውን ልጅ ሥራ መስጠት ማለት ነው። ኳስ የሚያቋርጥ ልጅ ደግሞ "አቀብሉኝ" ብሎ መለመን አያስፈልገውም፤ ራሱ ይወስዳል።

ኔትቦል ምን ያስተምረናል?

በእኛ ትምህርት ቤቶች የሚታወቁት እጅ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስና እግር ኳስ ናቸው። ኔትቦል ብዙም አይታወቅም። ጨዋታው ከቅርጫት ኳስ የወጣ ነው፤ ቅርጫት ኳስ በ1891 በፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ሄዶ በሴቶች ዘንድ መልኩን ቀየረ። በአንድ ቡድን 7 ተጫዋች አለ። ኳስ እያነጠሩ መሮጥ አይፈቀድም። ኳስ የያዘ በ3 ሰከንድ ውስጥ መልቀቅ አለበት። መግፋትና መደገፍ ክልክል ነው። ተከላካይ ደግሞ ኳስ ከያዘው ተጫዋች እግር ቢያንስ 0.9 ሜትር መራቅ አለበት።

እንግዲህ ልብ በሉ! መግፋት ከተከለከለ፣ ኳስ መንጠቂያው መንገድ አንድ ብቻ ይቀራል፦ አየር ላይ ማቋረጥ። ጉልበት ዋጋ ያጣና ዓይንና አቋቋም ዋጋ ያገኛሉ። ጠጠር በበዛበት ሜዳ ላይ መገፋፋት ስለማይኖር የመውደቁም አደጋ ይቀንሳል። ይህን ሕግ ወስዶ በእጅ ኳስ ልምምድ ላይ መጠቀም የሚከለክል ነገር የለም።

አሁን ወደ ስሌቱ

አንዲት ተማሪ ለጓደኛዋ 8 ሜትር ርቀት ላይ ኳስ ወረወረች እንበል። የኳሱን ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር እንውሰድ። ተከላካይዋ ኳሱ ሲለቀቅ አይታ፣ አእምሮዋ ወስኖ፣ ጡንቻዋ እስኪንቀሳቀስ ሩብ ሰከንድ ገደማ (0.25) ይፈጃል። ይህ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ነው፤ ማንም ዜሮ ሊያደርገው አይችልም። ክንዷ ሲዘረጋ 70 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ከቆመችበት ስትነሣ ደግሞ ፍጥነቷ በየሰከንዱ በ4 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል ብለን እንያዝ።

ተከላካይዋ ከወርዋሪዋ 2 ሜትር ላይ ብትቆምስ? ኳሱ በ0.2 ሰከንድ አልፏታል። ገና አእምሮዋ "ተወረወረ" ሳይል ኳሱ ሄደ ማለት ነው! እዚህ ቦታ ላይ መሮጥ ትርጉም የለውም። የሚያዋጣው እጅን አስቀድሞ ማንሳትና መዘርጋት ነው። የሁለት እጆቿ ስፋት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ በ0.9 ሜትር ርቀት ላይ 80 ዲግሪ ገደማ የሚሆን መንገድ ትሸፍናለች። ወደ 3 ሜትር ብትርቅ ግን የምትሸፍነው 28 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ወርዋሪ ጋ ስትቆሙ ሕጉ እስከፈቀደው ድረስ ቅረቡ፣ እጅ ወደ ላይ!

አሁን ደግሞ ተቀባይዋ አጠገብ፣ 7 ሜትሩ ላይ ትቁም። ኳሱ እስኪደርስ 0.7 ሰከንድ አላት። 0.25 ሲቀነስ 0.45 ይቀራል። በዚህ ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር ትንቀሳቀሳለች፤ ከክንዷ ጋር 1.1 ሜትር ድረስ ያለ ኳስ ልትነካ ትችላለች።

ይህን ርቀት እንዴት እናሳድገው? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እግሯን በ25 በመቶ ማጠንከር ነው፤ ወራት የሚፈጅ ልምምድ። ትርፉ? 10 ሴንቲ ሜትር። ሁለተኛው፣ ኳሱ ከመለቀቁ 0.2 ሰከንድ ቀደም ብላ ወዴት እንደሚሄድ እንድታነብ ማድረግ ነው። ትርፉ? 44 ሴንቲ ሜትር! ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚሸፈነው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ትንሽ ጊዜ ማትረፍ ብዙ ቦታ ይገዛል።

ምኑን ነው የምታነበው?

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ኳሱን ሳይሆን የወርዋሪውን ሰውነት እንደሚያነቡ በተለያዩ ስፖርቶች በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ትከሻ ወዴት ዞረ? የፊተኛው እግር ወዴት ጠቆመ? ክርኑ ወደ ኋላ ሄደ ወይ? ዓይን ሊያታልል ይችላል፤ ወደ ግራ አይቶ ወደ ቀኝ የሚወረውር ሞልቷል። ትከሻና ዳሌ ግን ለመዋሸት ይከብዳቸዋል።

ሌላው ጉዳይ አቅጣጫ ነው። ይህን የጎጃም ልጅ ከእረኝነት ያውቀዋል። ጥጃ ወደ ጤፍ ማሳ ሲሮጥ ብልህ እረኛ ወደ ጭራው አይሮጥም፤ ጥጃው ሊደርስበት ወዳለው ቦታ ቀድሞ ይሮጣል። ኳስም እንዲሁ ነው። ኳሱ አሁን ወዳለበት ሳይሆን ወደሚመጣበት፣ ወደ ፊት ሰያፍ ግቡ። ወደ ጎን ብቻ የሚሄድ ተከላካይ አብዛኛውን ጊዜ ኳሱ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

ደጋነቱስ ለውጥ ያመጣል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉንደ ወይንም ደጋ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ኳስን የሚይዘው የአየር ግፊያ ያንሳል። ግን ስንት? ለ8 ሜትር ቅብብል ሳሰላው ልዩነቱ ቢበዛ 2 መቶኛ ሰከንድ ነው። ቀድሞ በማንበብ የምናተርፈው አሥር እጥፍ ይበልጣል። በአየሩ ማሳበብ አይቻልም ማለት ነው!

ነገ ጠዋት ሜዳ ላይ

መምህራን፣ ይህን ለመሞከር የተገዛ ኳስ እንኳ አያስፈልግም። ከአሮጌ ካልሲና ጨርቅ የተሠራ ኳስ ይበቃል።

1. ጥላ፦ ሁለት ሁለት ሆነው ያለ ኳስ። አንዷ ትንቀሳቀሳለች፣ ሌላዋ በአንድ ክንድ ርቀት ትከተላለች። ጉልበት በርከክ፣ ክብደት በእግር ጣቶች ሥር። ተረከዝ ላይ የቆመ ሰው ለመነሣት መጀመሪያ ወደ ፊት ማዘንበል አለበት፤ ያ ደግሞ ጊዜ ነው።

2. ጠቁም፦ አንድ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ለአንዱ ይወረውራል። ሌሎቹ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ ወደየት እንደሚሄድ በጣት ይጠቁማሉ። ትክክል የጠቆመ አንድ ነጥብ ያገኛል። ዓይን የሚሠለጥነው እዚህ ላይ ነው።

3. ሦስት ለአንድ፦ ሦስቱ በሦስት ማዕዘን ቆመው ይቀባበላሉ፣ አንዷ መሃል ትገባለች። ወርዋሪ ከ3 ሰከንድ በላይ አይይዝም፣ መነካካት የለም። ኳሱን በጣት የነካችም ነጥብ አላት። በየደቂቃው መሃል ያለችው ትቀየር። 50 ተማሪ በአራት በአራት ሲከፈል 12 ቡድን ይሆናል፤ የሚተርፉት ሁለቱ ነጥብ ይመዝግቡ፣ ከዚያ ይለወጡ።

4. ኳሱም ሰውየውም፦ አራት ለአራት ጨዋታ። ተከላካይ የሚጠብቀውን ተጫዋችና ኳሱን አንገት ሳያዞር በአንድ ላይ የሚያይበት ቦታ ላይ ይቁም። አንዱን ለማየት ከዞረ ሌላው ይጠፋዋል።

በመጨረሻ አንድ ምክር። ነጥቡን በወረቀት ያዙ፤ መጀመሪያ ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ ከአሥር ቅብብል ስንቱን እንደነካ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ስንቱን እንደነካ። ያኔ ሁልጊዜ ጠርዝ ላይ የምትቆመው ልጅ ስንት እንዳስመዘገበች ቀድማችሁ እዩ። ሜዳው ለማን እየሠራ እንደሆነ የሚነግራችሁ የእሷ ቁጥር ነው።