በከሚሴ በኩል ለሚያልፍ መንገደኛ ሊታይና ሊበላ ስለሚገባው ነገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ፥ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ከ3 ሺህ ሜትር ግድም ከፍታ ወደ ሸዋ ሮቢት ቈላ ሲወርድ፥ ካባውን አውልቆ በመኪናው መስኮት ነፋስ ይለምናል እንጂ ዐይኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚመልስ ጥቂት ነው። ከሚሴም ሲደርስ ሻይ ይጠጣል፤ የመኪናውን ጐማ ያያል፤ ወዲያውም ወደ ኮምቦልቻ ይገሠግሣል። ስለዚህ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ በብዙ ሰው ዘንድ የምትታወቀው በመንገድ ማረፊያነቷ ብቻ ነው። ስለ እርሻና ስለ ከብት የሚያስብ ሹም ግን እንዲህ ባለ ችኰላ ሊያልፋት አይገባውም። በዚህ አገር ለዐይን ደስ የሚያሰኘውና በገበታ ላይ የሚቀርበው ነገር፥ ሁለቱም ከአንድ ሜዳ ይወጣሉና።

ሜዳው ጨፋ ይባላል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ሣር የበዛበት ርጥብ መስክ ማለት ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴ ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻና በሐርቡ በኩል ከወረደ በኋላ አገሩ ዝቅ ያለና ደልዳላ ሆኖ ስለሚያገኘው፥ ሩጫውን ትቶ ይተኛል። በክረምት ከአፉ ሞልቶ መስኩን ያለብሰዋል፤ በበጋም ርጥበቱ ከመሬቱ ውስጥ አይጠፋም። ከዚያ ወዲያ ጕዞው ወደ አዋሽ ነው። በጥርና በየካቲት ዙሪያው ሁሉ ደርቆ አቧራ ሲሆን ጨፋ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ጊዜ የአፋር ሰው ከምሥራቅ ግመሉንና ላሙን እየነዳ ይመጣል፤ የአገሩም ኦሮሞ፥ አርጎባውና አማራው በዚያው መስክ ያሰማራሉ። ማለዳ ፀሓይ ሳይበረታ ወደ ሜዳው ዳር የወጣ እንግዳ፥ ጭጋጉ ከቄጠማው ላይ ሲነሣ፥ ከብቱ እስከ ጕልበቱ በሣር ውስጥ ቆሞ፥ ነጫጭ ወፎችም ከእግሩ ሥር ትል እየለቀሙ ሲከተሉት ያያል። ለዚህ ለማየት የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ወተቱም ከዚህ ሣር የመጣ ነው። የወተቱ ዕቃ አስቀድሞ በወይራ ጢስ ስለሚታጠን፥ ለማያውቀው ሰው የመጀመሪያው ጕንጭ እንግዳ ይሆንበታል፤ ሁለተኛውን ግን ራሱ ይለምናል። ገንፎ ቢቀርብለት ከማሽላ ዱቄት ተገንፍቶ መካከሉ ተጐድጕዶ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበት ነው። የዞኑ ሕዝብ አብዛኛው እስላም ስለሆነ፥ በቀደመው ልማድ ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህ ወተትና እህል፥ ቡናም፥ ሁሉን በአንድ ገበታ የሚያስቀምጡ ምግቦች ሆነው ኖረዋል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ተዋሕዶ እንግዳ ወተቱን ባይቀበል ቅር አይሰኙበትም፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ያቀርቡለታል። ቡናው አቦል፥ ቶና፥ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ በመካከሉም ዱዓ ይደረጋል። ምርቃቱ ሳያልቅ ሰዓቱን የሚመለከት ባለሥልጣን ነውር እንደ ሠራ ይወቅ።

ስለ ማሽላ ጥቂት ሳንናገር ብናልፍ ግን የሥራችንን ግማሽ ተውን ማለት ነው። በወሎ ምድር ባላገሩ ለማሽላው የሰጠው ስም ራሱ ይጣፍጣል። ከእነዚህም አንዱ «ወተት በጕንጬ» ይባላል፤ እሸቱ ገና በወተቱ ሳለ ተጠብሶ ሲበላ በአፍ ውስጥ ስለሚለሰልስ ነው። በአሜሪካ በፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ሊቃውንት፥ ከዓለም የተሰበሰበውን ብዙ ሺህ ዓይነት ማሽላ መርምረው፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ላይሲን የሚባለው ለሰውነት እጅግ የሚያስፈልገው የፕሮቲን ክፍል የበዛባቸውን ሁለት ዘሮች ያገኙት ከኢትዮጵያ ማሽላ መካከል ነው። የወሎ ባላገር ግን በምላሱ ለይቶ፥ በማሳው ውስጥ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ሲዘራው ኖሯል። እሸቱን ለመብላት የሚፈልግ እንግዳ በጥቅምት ይምጣ። ልጆቹ በዚያ ጊዜ ጥንቅሽ እየመጠጡ በመንገድ ዳር ይታያሉ፤ ደረቁ አገዳ ደግሞ ለከብት መኖ፥ ለማገዶና ለአጥር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ በዚህ ዞንና በአጐራባቾቹ ላይ በወረደ ጊዜ የጠፋው እህሉ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል። ማሾ የሚባለው ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬም በዚህ ቈላ ይዘራል፤ በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ አምጪ ሆኗል። ሆኖም ከምጣድና ከድስት ይልቅ ወደ ውጭ አገር መርከብ የሚሄደው ይበዛል።

ገበያ ለማየት የሚወድ ሰው እሑድን በሰንበቴ፥ ሰኞን በባቲ ያድርግ። ሰንበቴ ከከሚሴ በስተ ደቡብ በዚያው አውራ ጐዳና ላይ ናት፤ ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፥ ኢጣልያኖች ወደ አሰብ ባወጡት መንገድ ላይ ትገኛለች። ደጋውና በረሃው የሚገናኙት በዚህ ነው። ግመል፥ ፍየል፥ ቅቤ፥ እህልና ጨው በአንድ ሜዳ ላይ ይለዋወጣሉ፤ አማርኛው፥ ኦሮምኛውና አፋርኛው በአንድ ዋጋ ላይ ይከራከራሉ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በባቲ ስም መጠራቱም የታወቀ ነው።

እንደዚህ ያለ ገበያ በሩቅ አገር ምን ያህል እንደሚከበር ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በጃፓን ኖቶ በሚባለው የባሕር ልሳነ ምድር፥ በዋጂማ ከተማ፥ የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች ሚስቶች በየማለዳው የሚሸጡበት ጥንታዊ ገበያ ነበረ፤ ከሩቅ የሚመጣውም እንግዳ ዓሣውንና ከባሕር ውሃ የሚወጣውን ጨው ሊቀምስ ይጐርፍ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ኖቶን በዓለም የእርሻ ቅርስነት የመዘገበው የሩዙን እርከን፥ ደኑንና ባሕሩን አንድ አድርጎ ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በሆነው የምድር መናወጥ የገበያው ሰፈር በእሳት ጠፋ፤ ሻጮቹ ግን ወደ ሌሎች ከተሞች እየዞሩ መሸጥ ቀጠሉ። ሕንፃው ቢጠፋም ገበያው አልጠፋምና።

በእኛ በኩል ያለው ጭንቅ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ግጭትና ጦርነት መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ሰው ተጐድቷል፤ ዛሬም መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ሊጠይቅ ይገባዋል። ሆኖም ገበያ ሰላም ባገኘ ቍጥር ይመለሳል። የማይመለሰው ሜዳው ነው። ጨፋ ካለፉት ዐሥርተ ዓመታት ጀምሮ ከዳር ወደ መካከል እየታረሰ ጠብቧል። በኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽም ወደ ቦርከና በሚገቡት ጅረቶች እንደሚወርድ መርማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የሚያርሰውን ባላገር መውቀስ አይቻልም፤ ልጆች አሉት፤ መሬቱም ጥቍርና ርጥብ ነው። ነገር ግን በክፉ ዘመን የአፋር ከብት የሚጠጋበት ሌላ ሣር የለም፤ ሣሩ ባነሰ ጊዜ ወተቱ ከገበያ ይጐድላል፤ በግጦሽም ምክንያት ጠብ ይነሣል።

ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመዝገብ ነው። ጸሓፊው ሞፈር ያልነካውን መሬት ሁሉ «ጠፍ» ወይም «ያልለማ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዓመታት በኋላ ቦታ ፈላጊ ሲመጣ ሹሙ መዝገቡን ገልጦ ያንኑ ቃል ያገኛል። ስለዚህ በደዋ ጨፋ፥ በአርጡማ ፉርሲና በጅሌ ጥሙጋ ያላችሁ የእርሻ ሹማምንት፥ የዘንድሮውን የመሬት ዝርዝር ስታዘጋጁ፥ በጨፋ አንጻር ባለው ረድፍ «የበጋ ግጦሽ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከጥር እስከ ክረምት መግቢያ ከየትኛው ወረዳ ስንት ከብት እንደሚሰማራበትም ከጎኑ አስፍሩ።