ያገለገለ ርካሽ ጊታር፦ ዋጋው የቱ ጋ ነው?

በ1982 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ጃፓን ውስጥ፣ ማትሱሞቶ በምትባል ከተማ፣ ፉጂጄን በሚባል ፋብሪካ ርካሽ ጊታሮች ማሠራት ጀመረ። ስኩዋየር የሚል ስም ሰጣቸው፤ ስሙ ቀደም ብሎ የገዛው የአንድ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ክር አምራች ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቶካይን የመሰሉ የጃፓን ኩባንያዎች የፌንደርን ሥራ እየገለበጡ በቅናሽ ሲሸጡ ገበያውን እየነጠቁት ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሙዚቀኞች ከዋናው ይልቅ ግልባጩን ይመርጡ ነበር። ተከታታይ ቁጥራቸው "ጄቪ" ብሎ የሚጀምረው እነዚያ የመጀመሪያ ስኩዋየሮች የተሠሩት ለጀማሪና አቅሙ ለማይፈቅድ ሰው ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሺህ ዶላር በላይ ይከፍሉባቸዋል።

ይህ ታሪክ ያገለገለ ርካሽ ጊታር ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ይነገራል፤ ብዙዎችንም ያሳስታል። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ስም በኮሪያ፣ በቻይናና በኢንዶኔዥያ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊታር ተሠርቷል፤ ጥሩም መጥፎም አለበት። ስለዚህ ስሙን ትቶ ዕቃውን መመርመር ይሻላል። መመርመሪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ የተበላሸው ነገር ለመጠገን ስንት ይፈጃል?

ርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታር አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ ሲርስ የተባለው የአሜሪካ ሱቅ ሲልቨርቶን የሚል ስም ያላቸውን ጊታሮች በካታሎግ ይሸጥ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የዳንኤሌክትሮ ፋብሪካ የሠራው ሲሆን፣ ማስቀመጫ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ አምፕሊፋየር ተገጥሞለት ከሰባ ዶላር ባነሰ ዋጋ ይቀርብ ነበር። የገላው ገጽ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ ነበር፤ የክሮቹን ንዝረት የሚቀበለው ፒክአፑም የሊፕስቲክ ማሸጊያ ቱቦ ውስጥ የገባ ጥቅል ሽቦ ነበር። ሆኖም የሮክ ቡድኑ የሌድ ዘፔሊን ጊታር ተጫዋች ጂሚ ፔጅ ዳንኤሌክትሮ ይዞ ትልልቅ መድረኮች ላይ ተጫውቷል። በርካሽ ቁስ መሠራት ብቻውን ድምፅን አይገድልም ማለት ነው።

የዛሬዎቹ ርካሽ ጊታሮች ከዚያ ዘመን ጊታሮች የሚለዩት በአሠራር ነው። አንገትና ገላ የሚቀርጹት በኮምፒውተር የሚታዘዙ ማሽኖች ስለሆኑ ልኩ ከጊታር ጊታር ብዙም አይለያይም። ድሮ ሠራተኛው ሲደክመው ይስት የነበረው ልክ አሁን እምብዛም አይሳትም። ዋጋው የሚቆረጠው ከሌላ ቦታ ነው፦ ከፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) አጨራረስ፣ ከመቃኛዎቹ፣ ከኤሌክትሪክ ክፍሎቹና የሰው እጅ ሰዓታት ከሚወስዱ ሥራዎች ሁሉ። "የቻይና ነው" ወይም "የኢንዶኔዥያ ነው" ብሎ መፍረድ ብዙ የማያስኬደው ለዚህ ነው። የኮሪያው ኮርት ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባለው ፋብሪካው በራሱ ስምም በሌሎች ታዋቂ ስሞችም ጊታር ይሠራል፤ አንዱ ጣሪያ ሥር ርካሹም ውዱም ይወጣል።

ገበያው በእነዚህ ጊታሮች የተሞላበት ምክንያትም መታወቅ አለበት። የፌንደር ኃላፊዎች በይፋ እንደተናገሩት ጊታር ከሚጀምሩ ሰዎች ወደ 90 ከመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ያቆማሉ። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ቤት የተቀመጠ ሕዝብ ጊታር ሲሸምት ሽያጩ ጣራ ነካ፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ተመልሶ ለሽያጭ ወጥቷል። ስለዚህ ያገለገለ የሚባለው ርካሽ ጊታር ብዙ ጊዜ ያላገለገለ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ተጫውተውበት አልጋ ሥር የከረመ። ገዢው የሚፈልገው እሱን ነው።

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ከፍቶ እንደሚያየው፣ ጊታር የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አንገቱን ነው። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ከራስጌው ወደ ገላው በአንገቱ ጠርዝ ያያል። ሁለቱ ጠርዞች እኩል መሄድ አለባቸው። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ አንገቱ ተጠማዟል፤ የተጠማዘዘ አንገት ደግሞ በርካሽ ጊታር ላይ ፍርዱ የማይቀለበስ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የጎበጠ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንገቱ ውስጥ የተቀበረ፣ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ አለ፤ ሌላው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ጊብሰን በ1920ዎቹ የፓተንት መብት አውጥቶበታል። ከክሮቹ ውጥረት ጋር የሚታገለው ይህ ዘንግ ነው። ፈታኙ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ በሁለት እጅ ተጭኖ ይይዛል፤ ያኔ ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆናል። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሩብ ሚሊሜትር የምታህል ክፍተት ብትኖር ጥሩ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ወይም ጭራሽ ከጠፋ ዘንጉን በቁልፍ ማስተካከል ይቻላል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያስፈራው የዘንጉ ብሎን ጥርሱ አልቆ ቁልፍ የማይዝ ሲሆን ወይም እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም ጎብጦ ሲገኝ ነው። ሻጭ "ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው" ሲል ገዢ ያን ማስተካከል እዚያው እንዲደረግለት ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ቀጥሎ ፍሬቶቹ ናቸው። ብዙ የተመታ ጊታር በቀጭኖቹ ክሮች ሥር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬቶች ላይ፣ ክሩ የቆፈራቸው ጎድጓዶች ይኖሩታል። ጥልቀት የሌለው ጎድጓድ ፍሬቶቹን በሞረድ በማስተካከል ይጠፋል። ጥልቅ ከሆነ ግን ሁሉም ፍሬት ይቀየራል፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ከ250 ዶላር በላይ ያስከፍላል። መቶ ሃምሳ ዶላር በሚያወጣ ጊታር ላይ ይህን ወጪ ማውጣት ከንቱ ነው። በአንጻሩ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅን የሚቧጭር ከሆነ አይደንግጡ፤ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ብረቱ ስለማይኮማተር ጫፉ ወጣ ይላል፤ ሞረድ ያስተካክለዋል። ይህ ጉድለት ብዙ ገዢ ያባርራል፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዋጋ ያስቀንስበታል።

የጊብሰንን ሌስ ፖል የመሰሉ ጊታሮች ላይ አንድ ተጨማሪ የሚታይ ቦታ አለ፤ ራስጌው ከአንገቱ የሚገናኝበት ጀርባ። የጊብሰንና በእሱ ሥር ያለው የኤፒፎን ራስጌ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ የዘንጉ ብሎን መግቢያ ስለተቆፈረ እንጨቱ ሳስቷል። ጊታሩ ከመቆሚያው ከወደቀ የሚሰበረው እዚህ ነው። በጥሩ ሙጫ የተጣበቀ ስብራት ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ የጊታሩን ዋጋ ግን ክፉኛ ይጥለዋል። በመብራት ፊት ለፊት እያዘነበሉ ቢያዩት ቀለሙ ሥር ያለች ቀጭን መስመር ትታያለች። ጥፍርም ታገኛታለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ቀላል ወጪ ነው። ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንጫጫ ከሆነ በመገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ይጸዳል። ኬብሉ ሲነካ ድምፁ የሚቋረጥ ከሆነ መሰኪያው ላልቷል ወይም አንድ ሽቦ ተነቅሏል፤ ሬዲዮ ጠጋኝ በደቂቃ ይበይደዋል። ቅኝቱን የማይዝ ጊታር ሁልጊዜ መቃኛው ተበላሽቶ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያረጀ ክር ወይም በራስጌው ግርጌ ክሮቹ የሚያልፉበት ጠባብ ቦይ ነው። ድምፅ የማይሰጥ ፒክአፕ በመልቲሜትር ይፈተሻል፤ ሽቦው ውስጥ ተበጥሶ ከሆነ መቀየር ነው፤ ያገለገለ ምትክም ርካሽ ነው።

የገላው እንጨት ከአንገቱ ቀጥሎ ብዙ ይወራበታል፤ ከሚገባው በላይ ይመስላል። በ1980ዎቹና 90ዎቹ ብዙ ርካሽ ጊታሮች ከኮምፖንሳቶ ተሠርተዋል፤ ብሎን በደንብ የማይዝ ካልሆነና ክብደቱ ካልከበደ ጊታርነቱን አያጣም። ያማሃ በ1990 ያስተዋወቀው የፓሲፊካ ዝርያ በተለይም 112 የሚባለው፣ እንደ ውዶቹ ፌንደሮች የአልደር ገላ ስላለው ከርካሾቹ መካከል ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል፤ ያገለገለ ሲገኝ ያለ ብዙ ማቅማማት የሚገዛ ነው። እንጨት ዕድሜም ይናገራል፦ በ2017 መጀመሪያ የሮዝውድ ዝርያዎች በሙሉ በዓለም አቀፍ የዕፅዋት ንግድ ቁጥጥር ሥር ሲገቡ ርካሽ አምራቾች ለአንገቱ ገጽ ወደ ላውረልና ሌሎች እንጨቶች ዞሩ። ላውረል ያለበትን ስኩዋየር "የ90ዎቹ ነው" የሚል ሻጭ አይታመንም።

ከእንጨቱ በላይ ገንዘብ የሚያስበላው ወሬ ነው። የ1970ዎቹን የጃፓን ግልባጮች በሙሉ "የክሱ ጊታር" እያሉ ዋጋ የሚቆልሉ ሻጮች አሉ። እውነቱ፣ በ1977 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን የከሰሰው የጃፓኑን የአይባኔዝ ጊታር የአሜሪካ አከፋፋይ ብቻ ነው፤ ክሱም በራስጌው ቅርጽ ላይ ያተኮረ ሲሆን በስምምነት አለቀ። ሌሎቹ ግልባጮች ከክሱ ጋር የሚያገናኛቸው የለም። አስመስሎ የተሠራው ሐሰተኛ ጊብሰን ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ራስጌው ላይ ያለችው የደወል ቅርጽ ያላት የዘንጉ ክዳን በእውነተኛው በሁለት ብሎን ስትያዝ በብዙዎቹ ሐሰተኞች በሦስት ነው የምትያዘው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሻጭ የጠየቀው ሳይሆን ተመሳሳዩ ጊታር በእርግጥ የተሸጠበት ነው መለኪያው። አዲሱ ዛሬ የሚሸጥበት ዋጋም ይታይ፤ አዲስ በሁለት መቶ ዶላር የሚገኘውን ያገለገለውን በመቶ ሰባ የሚገዛ ሰው ዋስትናውን በሠላሳ ዶላር ሸጠ ማለት ነው።

ከአሜሪካ ለወንድሙ፣ ለእህቱ ልጅ ወይም ለመዘምራን ቡድን ጊታር ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ ሰው ሁለት ነገር ያስብ። ፌንደር መሰል ጊታሮች አንገታቸው ከገላቸው የሚያያዘው በአራት ብሎን ስለሆነ ተፈትተው ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ፤ አንገታቸው በሙጫ የተያዘው አይገቡም። እርጥበት ካለበት አገር ወደ አዲስ አበባ የበጋ አየር የገባ አንገትም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስለሚንቀሳቀስ፣ የዘንጉ ቁልፍ አብሮ ይላክ። አብዛኛው ርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታር ራሱ መብራት አይፈልግም፤ አምፕሊፋየሩ ግን የአሜሪካ 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ኢትዮጵያ ባለው 220 ቮልት ይቃጠላል። ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ከጀርባው የተጻፈው ቁጥር ይነበብ።