የጀልበኞች ማኅበርና የበጎ ፈቃድ ሥራው

በአገራችን ውኃና ሰው የቆየ ትውውቅ አላቸው። የጣና ሰው ደንገል አጭዶ፥ አድርቆና አስሮ በሠራው ታንኳ እንጨቱንና እህሉን ጭኖ ከደሴት ወደ ዳር ሲመላለስ ኖሯል። በዝዋይ ደንበል ሐይቅም በጥምቀት በዓል ታቦታቱ በጀልባ ሆነው ሲጓዙ ካህናቱ በዜማ፥ ምእመናኑም በእልልታ ያጅቧቸዋል። ነገር ግን አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች በመሆናችን ውኃን የምናውቀው ከዳር ቆመን ነው። ዋና ሳንማር አድገናል፤ ልጆቻችንንም ውኃ እንዲፈሩ እንጂ ውኃን እንዲያውቁ አላስተማርናቸውም።

ዛሬ ግን ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በአሜሪካ በሐይቅና በባሕር ዳር ከተሞች ይኖራሉ። በጋ ሲገባ ቤተ ሰቡ ምሳውን ቋጥሮ፥ ልጆቹን ይዞ ወደ ውኃ ይወርዳል፤ ጀልባ መከራየትም ብስክሌት እንደ መከራየት የቀለለ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ በዚያ አገር ከመቶ ዓመት በላይ በፈቃደኞች ጉልበት የኖረ አንድ የጀልበኞች ማኅበር እንዴት እንደ ተቋቋመና ምን እንደሚሠራ ማወቅ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቤንዚን ሞተር የምትሄድ ትንሽ ጀልባ ገና አዲስ ነገር ነበረች። በሸራ ጀልባ ያደጉት ሰዎች ይህችን ጭሳምና ጯሂ ጀልባ በንቀት ይመለከቷት ነበር። ንቀታቸውም ፈጽሞ ምክንያት የሌለው አልነበረም። ሸራ የሚይዝ ሰው የነፋሱን ጠባይ ለማወቅ፥ ገመዱን አስሮ ለመፍታት ብዙ ዓመት መማር ግድ ይሆንበታል፤ ሞተር ግን ገንዘብ ላለው ሁሉ ያን ጊዜውኑ ይታዘዛል። በዚህም የተነሣ ኮምፓስና የባሕር ካርታ የማያነብ ሰው፥ ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ከወደቡ መውጣት ጀመረ።

በቦስተን ከተማ የጀልባ ክበብ ውስጥ ሮጀር አፕተን የተባለ ሰው ይህን ተመልክቶ፥ በ1912 የሞተር ጀልባ ያላቸውን አባላት ሰብስቦ በሰልፍ መጓዝን፥ በባንዲራ ምልክት መነጋገርንና በችግር ጊዜ መረዳዳትን እንዲለማመዱ አደረገ። በየካቲት 2 ቀን 1914 የልዩ ልዩ ክበባት መልእክተኞች በኒውዮርክ ተሰብስበው ሐሳቡን ለአገሩ ሁሉ የሚሆን ማኅበር አደረጉት፤ ስሙንም «ዩናይትድ ስቴትስ ፓወር ስኳድሮንስ» አሉት። ትርጓሜው የሞተር ጀልባ ጓዶች እንደ ማለት ነው። ሰንደቃቸው ቁልቁል የወረዱ ሰማያዊና ነጭ መስመሮች ያሉት ሲሆን፥ በማዕዘኑ በቀይ መደብ ላይ በ13 ከዋክብት የተከበበ ነጭ መልሕቅ አለበት። ከመሥራቾቹ አንዱ ቻርልስ ቻፕማን ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን በነካበት በ1917 ለባሕር ኃይል ምልምሎች ማሠልጠኛ የሚሆን የጀልባ አነዳድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ያ መጽሐፍ በየጊዜው እየታደሰ ከመቶ ዓመት በኋላም ሲታተም ቆይቷል።

እንግዲህ ማኅበሩ ለመዝናናት የተሰበሰቡ ሰዎች ማኅበር ነው። መዝናናቱን አልተዉትም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው «የሚያውቅ ለማያውቀው ያስተምር» የሚለውን ደንብ ከመዝናናቱ ጋር አሰሩት። የማኅበሩ ቁም ነገር ያለው በዚህ ነው።

ሥራቸው በዓመቱ ወራት ይከፈላል። በክረምት፥ ሐይቁ በረዶ ሲሆንና ጀልባው በሸራ ተሸፍኖ ሲቀመጥ፥ በየከተማው ያለው ጓድ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም አዳራሽ ለምኖ በማታ ማስተማር ይጀምራል። ለማንኛውም ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያው ትምህርት አጭር ነው፤ ጀልባ ከጀልባ ጋር ሲገናኝ ማን መንገድ እንደሚለቅ፥ ቀይና አረንጓዴ የመንገድ ምልክቶች ምን እንደሚሉ፥ መልሕቅ እንዴት እንደሚጣል፥ የሰማይ ሁኔታ ሲለወጥ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ በመጨረሻ የሚደርሰው በፀሐይና በከዋክብት ቦታን ማወቅ ነው። ዛሬ በሳተላይት ቦታን የሚናገር መሣሪያ በየኪሱ እያለ ኮከብ መቁጠር ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ያለቀበት መሣሪያ ግን ከድንጋይ አይሻልም፤ ኮከቡ ግን በቦታው አለ።

የእኛ ሰው የጽዋ ማኅበርን ያውቃልና አስተዳደሩን ለመረዳት አይቸገርም። በእኛ ዘንድ ሙሴ እንዳለ፥ በእነርሱም ዘንድ አዛዥ አለ፤ ከበታቹም ምክትሉ፥ የትምህርት ኃላፊው፥ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አሉ። ሁሉም የሚመረጡት ለአንድ ዓመት ሲሆን ደመወዝ የላቸውም። ዓመቱ ሲያልቅ በራት ግብዣ ላይ አሮጌዎቹ ለአዲሶቹ ሥራውን ያስረክባሉ። በዓመቱ ውስጥ በእውነት የደከመ ሰው የአገልግሎት ምልክት ይሰጠዋል፤ ምልክቱም በገንዘብ አይገዛም፥ ከአባት አይወረስም። ሃያ አምስት የሰበሰበ የዕድሜ ልክ አባል ይባላል። ይህም ማለት ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ወንበር ሲደረድር፥ ፈተና ሲያርም፥ ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ማዕረጉና ዩኒፎርሙ ለአንዳንዱ ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስለዋል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር። ደመወዝ የሌለው ሥራ ግን ቢያንስ ክብር ካላገኘ ለብዙ ዘመን እንደማይቆም የሰንበቴና የዕድር ዳኛ የሆነ ሁሉ ይመሰክራል።

ከዚህ ማኅበር ታሪክ ሊሸፈን የማይገባው አንድ ጉድለት አለ። ሴቶች ትምህርቱን ተምረው መፈተን ይችሉ ነበር፤ በየግብዣው፥ በየጉዞውና በየጽሕፈቱ ሥራም ይደክሙ ነበር። ሙሉ አባልነት የተፈቀደላቸው ግን በ1982 ነው፤ ይህም ማኅበሩ በተቋቋመ በ68ኛው ዓመት መሆኑ ነው። ይህን ስናነብ በሌላው ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። በእኛም ማኅበር ጠላውን የጠመቀች፥ ዳቦውን የጋገረች እናት ከጓዳ ሳትወጣ ጉባኤው የተበተነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከ1982 ወዲህ ሴቶች በጓዶቹ ውስጥ አስተማሪዎች፥ ፈታኞችና አዛዦች ሆነዋል። እነርሱ ባይገቡ ኖሮ ዛሬ በራቸውን የሚዘጉ ጓዶች ብዛት ከዚህ የበዛ በሆነ ነበር ብሎ ማሰብ አያስቸግርም።

በረዶው ቀልጦ ጀልባዎቹ ከተጎታች ጋሪያቸው ወደ ውኃ መውረድ ሲጀምሩ፥ ፈቃደኞቹ የጀልባ ማውረጃው ዳር ይቆማሉ። ባለ ጀልባው ከፈቀደ፥ ያለ ምንም ክፍያ ጀልባውን ይመረምሩለታል። ለተሳፋሪው ሁሉ ልክ የሚሆን የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለ ወይ? የእሳት ማጥፊያው ይሠራል ወይ? መብራቱ፥ ጥሩምባው፥ የጭንቅ ጊዜ ምልክቱስ? ሞተሩ ያለበት ክፍል የቤንዚን ትነት የሚወጣበት ቀዳዳ አለው ወይ? ሁሉ የተሟላ ከሆነ በጀልባው ላይ የዓመቱ ምልክት ይለጠፋል። ያልተሟላ ከሆነ የጎደለውን ጽፈው ለባለቤቱ ብቻ ይሰጡታል፤ ለፖሊስ አይነገርም፥ ቅጣትም የለበትም። ፈቃደኛው ማዘዝ አይችልም፤ ያለው ሥልጣን ምክር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውን ሳያሳፍሩ እንዴት እንደሚመክሩት መልመድ አለባቸው፤ በልጆቹ ፊት «አላዋቂ» የተባለ አባት ምክሩን ጥሎ ጀልባውን ይዞ ይሄዳልና።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ቁጥር አለ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ባወጣው መግለጫ መሠረት በ2023 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ከመቶው 75ቱ የሞቱት በመስጠም ነው፤ ከሰጠሙትም ከመቶው 87ቱ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አልለበሱም ነበር። ሰደርያው በብዙዎቹ ጀልባዎች ውስጥ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ከመቀመጫ ሥር ተቀምጦ ነበር እንጂ። የሰው ልጅ ሲወድቅ እለብሰዋለሁ ይላል፤ የወደቀ ሰው ግን መልበሻ ጊዜ የለውም።

ዋና እችላለሁ የሚለውም ቢሆን በቀዝቃዛ ውኃ አይመካ። ጎርደን ጊዝብሬክት የተባሉ የካናዳ ሊቅ ይህን በአንድ፥ በአሥርና በአንድ ቁጥር ያስተምራሉ። በረዶ ወደሚያህል ውኃ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ሳይወድ በግድ ያለከልካል፤ ያን ጊዜ አፉ ከውኃ በታች ከሆነ ውኃ ይስባል። ትንፋሹን ከገዛ በኋላ እጁና እግሩ የሚታዘዙለት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ቅዝቃዜው ራሱን የሚያስተው ግን 1 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሞተው ብርዱ ገድሎት ሳይሆን፥ እጁ ሲዝልበት ወደ ላይ የሚይዘው ነገር በማጣት ነው። ሰደርያው ያንን አንድ ሰዓት ይሰጠዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ረዳት ሊደርስ ይችላል።

ለእናቶችና ለአባቶች ሌላም ነገር ይነግሯቸዋል። የሚሰጥም ሕፃን እንደ ተረቱ አይጮኽም፥ እጁንም አያውለበልብም፤ ትንፋሽ ለመሳብ ብቻ ይታገላልና ጸጥ ብሎ ይወርዳል። ሞተሩ እየሠራ ልጆች በጀልባው ኋላ በኩል እንዲዋኙ ወይም እንዲቀመጡ አይፈቀድላቸው፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፥ በድንገትም ያደክማል። ጀልባ የሚነዳው ሰው መጠጥ አይቅመስ፤ በሞት ለሚያልቁት አደጋዎች ከሚታወቁት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ መጠጥ ነውና።

በበጋ ደግሞ አብረው ይጓዛሉ። ማታ በጸጥተኛ ወሽመጥ አንዱ ትልቁ ጀልባ መልሕቁን ይጥላል፤ ሌሎቹ በግራና በቀኝ እየቀረቡ፥ እንዳይጋጩ በመካከል ትራስ እያደረጉ ከእርሱ ጋር ይታሰራሉ። ከዚያ ሳህን ከጀልባ ወደ ጀልባ ሲተላለፍ፥ ልጆችም ሲዘዋወሩ ያመሻሉ። በጉዞአቸው ላይ ካርታው የማያሳየውን አዲስ ደለል፥ ከቦታው የተንሳፈፈ የመንገድ ምልክት ወይም የፈረሰ ድልድይ ሲያዩ፥ ካርታውን ለሚያዘጋጀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስታውቃሉ። አንድ ሰው ለመዝናናት ወጥቶ ያየው ነገር በካርታው ላይ ተጽፎ የማያውቀውን መርከበኛ ያድናል።

የሆነ ሆኖ የማኅበሩ ኑሮ ዛሬ ቀላል አይደለም። አባላቱ ከቀድሞው ቁጥር በብዙ ቀንሰዋል፤ የቀሩትም አብዛኞቹ ሸምግለዋል። ወጣቱ ትምህርቱን በቤቱ ተቀምጦ በኮምፒዩተር ይጨርሳል፤ የምስክር ወረቀቱን ይወስዳል፤ ወደ አዳራሹም አይመጣም። በቅርብ ዓመታት ወጣቱን ለመሳብ «የአሜሪካ የጀልባ ክበብ» የሚል ስም መጠቀም ጀምረዋል። ስሙ ያመጣውን አላውቅም ለማለት ባልደፍርም፥ እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ በየከተማው ሁልጊዜ አንድና ሁለት ሰው ብቻ ሸክሙን ሲሸከሙ፥ እነርሱ ሲደክሙ ማኅበሩ አብሮ ይተኛል። ደህና የሚሠራው ጓድ አዲስ ለመጣው ሰው ወዲያው ትንሽ ሥራ የሚሰጠው ነው፤ ቡና ማፍላትም ቢሆን፥ ወረቀት ማደልም ቢሆን። እንግዳ ሆኖ የተቀመጠ ሰው በሦስተኛው ስብሰባ ይቀራል።

አባል ያልሆነ ሰውም ከሥራቸው ሊጠቀም ይችላል። በአሜሪካ የሚገኝ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የሰበካ ጉባኤ ልጆቹን ወደ ሐይቅ ከመውሰዱ በፊት በአካባቢው ያለውን ጓድ ቢጠይቅ፥ መጥቶ የሚያስተምር ሰው ሊያገኝ ይችላል። በብዙ ቦታም በጀልባ ማውረጃው አጠገብ የመንሳፈፊያ ሰደርያ የተሰቀለበት ሰሌዳ አለ። የዚህ ዓይነቱ ሥራ በአላስካ ሆመር በምትባለው ከተማ በ1996 ለልጆች ተብሎ ተጀመረ፤ ጠባቂም፥ መዝገብም፥ መያዣም የለውም፤ የሚያስፈልገው ሰው ወስዶ ለብሶ ሲመለስ በቦታው ይሰቅለዋል።

ከዚያ ሰሌዳ ለልጅ ሰደርያ የምታወርድ እናት በዓይን ብቻ አትመርጥ። በውስጡ የተጻፈውን ክብደት ታንብብ፤ ማሠሪያውን ሁሉ፥ በእግሮቹ መካከል የሚያልፈውንም ጭምር ታጥብቅ፤ ከዚያም ልጁ ቆሞ ሳለ ሰደርያውን በሁለቱ ትከሻዎች ይዛ ወደ ላይ ታንሣው። የልጁ አገጭና ጆሮ ወደ ሰደርያው ውስጥ ከገቡ ሰፍቶታልና አውልቃ ሌላ ትፈልግለት።